ሞተሯ የተቀየረ የድሮ መኪና ታርጋ እንድታገኝ፦ የኔ 11 ወር ምልልስ

ወንድሜ፣ ጥያቄህን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። «የአባቴን የድሮ መኪና ሞተሯን በትልቅ ቀይሬ፣ የፊት ፍሬኗን ዲስክ አድርጌ፣ ትንሽ ዝቅ አድርጌያታለሁ። ለታርጋ ምርመራ ከመሄዴ በፊት ምን ላዘጋጅ?» ነው ያልከው። የምን መኪና እንደሆነች አልጻፍክም። ግን ሞተር መቀየር፣ ዲስክ፣ ዝቅ ማድረግ... ቮልስ ናት። ሌላ ምን ልትሆን ትችላለች? እኔም ያንኑ ስላደረግኩ እንደኔው እንደሆንክ ቆጥሬ ልንገርህ።

ከኔ በፊት የመለሱልህ ሰዎች «ሙሉ ወረቀት ይዘህ ሂድ» ብለውሃል። ሙሉ ወረቀት! እኔም ይዤ ነበር የሄድኩት። 11 ወር ፈጀብኝ።

1. በየትኛው በር እንደምትገባ አስቀድመህ ወስን። የድሮ መኪና አብዛኛውን ጊዜ ወይ «ታሪካዊ» ተብላ ትገባለች፣ ወይ «ለውጥ የተደረገባት» ተብላ። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ፊቫ የሚባለው ዓለም አቀፍ የጥንት ተሽከርካሪዎች ፌዴሬሽን በ1966 ነው የተቋቋመው (ዓመቶቹን ሁሉ በፈረንጅ ነው የምጽፍልህ)። በነሱ አባባል ታሪካዊ የምትባለው ቢያንስ 30 ዓመት የሞላት፣ እንደ ጥንቷ ተጠብቃ የኖረች፣ በየቀኑ ለሥራ የማትሮጥ መኪና ናት። የየአገሩ ሕግ ይለያያል፤ መንፈሱ ግን ብዙ ቦታ ይኸው ነው። የኔዋ 30ውን ካለፈች ቆየች። «እንደ ጥንቷ» የሚለው ላይ ግን ወደቀች፤ ከኋላዋ ያለው ሞተር የሷ አይደለማ። «ታሪካዊ ይሻልሃል፣ ምርመራው ይቀላል» ሲሉኝ ሰምቼ እሱ ላይ ምልክት አደረግኩ። አምስት ሳምንት ጠብቄ «ሞተሯ የራሷ ስላልሆነ አይቻልም፣ አዲስ ፎርም ይሙሉ» ተባልኩ። አንተ በቀጥታ «ለውጥ የተደረገባት» ብለህ ግባ። ምን ያሳፍራል?

2. ለእያንዳንዱ ለውጥ ወረቀት ይኑርህ። የኔዋ ስትወለድ 1285 ሲሲ፣ 40 የፈረስ ጉልበት ነበረች። አሁን ያለባት 1584 ሲሲ፣ 50 የፈረስ ጉልበት ያለው የኋለኛው ዘመን ሞተር ነው። እዚያው ቮልስ ቤት የተሠራ፣ በዚያው ቀዳዳ በዚያው ቡሎን የሚታሰር። ለኔ ይሄ ለውጥ አይመስለኝም ነበር። መርማሪው ግን 10 የፈረስ ጉልበት ተጨምሯል፣ ፍሬኑ ይችለዋል ወይ ብሎ ይጠይቃል። እውነቱን ነው። ብዙ ቦታ ገለልተኛ መሐንዲስ አይቶ የፈረመበት ሪፖርት ይፈልጋሉ። መሐንዲሱን ታዲያ ሥራው ሳያልቅ ጥራው። የተሸፈነ ነገር ላይ አይፈርምም። የኔው መጥቶ «ይሄን ፍታልኝ፣ ያንንም ፍታልኝ» እያለ አዲስ የቀባሁትን ሁሉ አስፈታኝ። የሞተሩ ቁጥር ዲናሞው ከተቀመጠበት እግር ሥር ተመቶ ታገኘዋለህ። የግዢ ደረሰኝህ ላይ ያለው ቁጥር ከሱ ጋር አንድ በአንድ ይግጠም።

3. የሻንሲ ቁጥር፣ የመኪናዋ መታወቂያ ቁጥር ማለት ነው። እዚህ ጋ ረጋ ብለህ አንብብ።

የቮልስ ሻንሲ ቁጥር ከኋላ ወንበር ሥር፣ መሃል ለመሃል በሚያልፈው ጉብታ ላይ ተመቷል። ከፊት ደግሞ ስኮርታ ጎማው ከሚቀመጥበት ጀርባ ያለች ትንሽ የቁጥር ሰሌዳ ላይ ይገኛል። ዋናው ግን ብረቱ ላይ የተመታው ነው። ባትሪውም የሚቀመጠው እዚያው ከኋላ ወንበር ሥር፣ በቀኝ በኩል ነው። የባትሪ አሲድ ከዓመት ዓመት ጠብ እያለ ወለሉን ይበላዋል። የኔዋን ወንበሯን ሳነሳ በቀዳዳው መሬት ይታየኝ ነበር።

እሺ፣ ወደ በያጅ ወሰድኳት። ጎበዝ በያጅ ነው፣ ዛሬም ሌላ ጋ አልሄድም። የተበላውን ቆርጦ አዲስ ላሜራ ለጠፈ። ከዚያ የብየዳው ፍንጣሪ ጉብታው ላይ ተርከፍክፎ ስላስጠላው፣ ሥራውን ሊያሳምርልኝ ብሎ ግራይንደር አነሳ። አሳመረው። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች ጭምር አሳመራቸው። እኔ ደግሞ ምንም ሳላይ ወለሉን በሙሉ ጥቁር ጸረ ዝገት ቀለም ቀባሁት። ሁለት እጅ!

ምርመራው ቀን ሰውዬው ወንበሩን አነሳ፣ ባትሪ መብራቱን አበራ፣ ቀለሙን በሽቦ ብሩሽ ፈቀፈቀ። ሰባት አኃዝ አነበበ። ከዚያ ዝም አለ።

«እዚህ ጋ ምንድነው የሆነው?»

«ዝገት ነበር» አልኩት፤ ደንግጬ ነው።

«ዝገት ቁጥር መርጦ አይበላም።»

ልክ ነበር። ግን ከዚያች ደቂቃ ጀምሮ የሚያየኝ እንደ ሌባ ነበር። መኪናዋ ታገደች። ሦስት ሳምንት ሜዳ ላይ ቆመች። የአጎቴ መኪና ናት፣ ሊብሬው በስሙ አለ፣ የስም ማዛወሪያው አለ ብል ወፍ የለም። «ወረቀት የማንኛውም መኪና ሊሆን ይችላል» አሉኝ።

እዚህ ላይ አንድ ፈተና ይመጣብሃል። መካኒኬ፣ እግዜር ይስጠው፣ «ምን ያስጨንቅሃል፣ የቁጥር መምቻ አለኝ፣ ሁለቱን አኃዝ በአምስት ደቂቃ ልምታልህ» አለኝ። እንዳታስበው። በራስህ እጅ ቁጥር ከመታህ ያልሰረቅከውን መኪና እንደሰረቅካት ራስህ ፈረምክ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ የሚያነጋግርህ የታርጋ ቢሮ አይደለም።

ያተረፈኝ አንድ ፎቶ ነው። ከብየዳው በፊት ለወንድሜ «ዝገቱን እይልኝ» ብዬ የላክሁት። ቀዳዳውን ላሳይ ብዬ ያነሳሁት ፎቶ ጥግ ላይ ዘጠኙም አኃዝ ቁልጭ ብለው ይታያሉ። ፎቶው ብቻውን አልበቃም፤ ለፎረንሲክ ምርመራ ለመላክ ግን በቃ። አሠራሩ ይገርማል። ቁጥር ብረት ላይ ሲመታ ከሥሩ ያለው ብረት ይታመቃል። ላዩ ቢፋቅ እንኳ የታመቀው ክፍል በአሲድ ሲነካ ከሌላው ተለይቶ ይታያል። ሁለቱ አኃዞች እንደ ጥላ ብቅ አሉ። ከፎቶው ጋር ገጠሙ፣ ከፊት ካለችው ትንሽ ሰሌዳም ጋር ገጠሙ። ደብዳቤ ተጻፈልኝ፣ ቁጥሩም በሕጋዊ መንገድ እንደገና ተመታ። ከታገደችበት ቀን እስከዚያች ደብዳቤ ድረስ ሰባት ወር። በያጁ ሲነግሩት አላመነም፤ «እኔ ያጸዳሁት ፍንጣሪ ነው» ይላል እስከዛሬ።

ስለ ቁጥር ካነሳን የታርጋ ቢሮው መስኮት ላይ ያለውን ልጅም ልንገርህ። ይሄ ከምርመራው በፊት ነው የሆነው። ፎርሙ ላይ ለሻንሲ ቁጥር 17 ሳጥን አለ። የኔ ቁጥር 9 ነው።

«የቀሩት ስምንቱ የት ሄዱ?» አለኝ።

17 ሆሄና አኃዝ ያለው ቁጥር መደበኛ የሆነው ከ1981 ሞዴል ወዲህ ነው፤ ከዚያ በፊት እያንዳንዱ ፋብሪካ በራሱ መንገድ ነበር የሚቆጥረው። ይህን በትህትና አስረዳሁት። ቀና ብሎ እንኳ አላየኝም። «ሲስተሙ አይቀበልም» አለና ራሱ ፊት ለፊቴ ስምንት ዜሮ ጨመረበት! እኔም «እሱ ያውቃል» ብዬ ዝም አልኩ። የፎረንሲኩ ደብዳቤ በዘጠኝ አኃዝ መጣ፣ መዝገቡ ላይ 17 ተጽፏል። «አይገጥምም» አለኝ፣ ያው ልጅ። ዜሮዎቹን ማን እንደጻፋቸው ስነግረው «ታዲያ ለምን አላስተካከሉኝም?» ነው ያለኝ። ያን ቀን ብዙ ነገር ልናገር ነበር፣ አልተናገርኩም። ማረሚያው ስድስት ሳምንት ወሰደ። ከመስኮት ሳትነሳ የተሰጠህን ወረቀት እያንዳንዷን አኃዝ አንብብ። ከኋላህ የተሰለፈው ይጮሃል፤ ይጩህ።

አንድ ሌላም አለ። የኔዋ ቁጥር በ118 ይጀምራል። 11 የመኪናው ዓይነት ነው፣ 8ቷ ደግሞ የ1968 ሞዴል ማለት ናት። ሊብሬው ላይ ግን የተሠራችበት ዓመት 1967 ይላል። «አንዱ ውሸት ነው» አሉኝ። ሁለቱም እውነት ነው። ቮልስ ቤት የሚቀጥለውን ዓመት ሞዴል መሥራት የሚጀምረው ነሐሴ ላይ፣ በኦገስት ነበር። ቮልፍስቡርግ ያለው የቮልስዋገን አውቶሙዚየም በሻንሲ ቁጥሩ ከመዝገብ ፈልጎ ለመኪናዋ የልደት ምስክር ወረቀት ይሰጣል። ጽፌላቸው ላኩልኝ፦ ኦክቶበር 1967። ያን ወረቀት ሳሳያቸው ቢሮው ውስጥ ያሉት ተሰብስበው አነበቡት። እውነት ለመናገር ደስ ብሎኛል። መኪናዋ ከኔ የተሻለ የልደት ምስክር ወረቀት አላት።

4. ፍሬን። አራት ላይ ነበርኩ መሰለኝ። ዲስክ አስገብተህ የፍሬን ማስተሩን (ፔዳሉን ስትረግጥ የፍሬን ዘይቱን የሚገፋውን) የድሮውን ትተኸው እንደሆነ ዛሬውኑ ፍታው። ለታምቡር፣ ለድሮው ዓይነት ፍሬን፣ የተሠራ ማስተር ፔዳሉን ስትለቅ እንኳ መስመሩ ውስጥ ትንሽ ግፊት የሚያስቀር ቫልቭ ይኖረዋል። ታምቡር ላይ ጠቃሚ ነው፤ ዲስክ ላይ ግን ሸራውን አይለቅም። እኔ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነድቼ ቸርኬውን ስነካው እጄን አቃጠለኝ። ምርመራው ላይ ጎማዎቹን ሮለር ላይ አቁመው የእያንዳንዱን ጎማ የፍሬን ኃይል ይለካሉ። ግራና ቀኝ በጣም ከተለያየ ትወድቃለህ፣ ምንም ያህል ጠንካራ ቢይዝ። የእጅ ፍሬኑን ረስተኸው እንዳትሄድ፤ እሱ የኋላ ጎማዎቹን ነው የሚይዘው፣ ከፊት ያስገባኸው ዲስክ አይረዳውም። ይህን ፈተና እኔ በአንዴ ነው ያለፍኩት። መርማሪው «ማነው የሠራው?» አለኝ። «እኔ» አልኩት። ራሱን ነቀነቀ። ምን ለማለት እንደሆነ እስካሁን አላወቅኩም፣ እኔ ግን እንደ አድናቆት ነው የወሰድኩት።

5. ዝቅ ማድረጉ። ምን ያህል እንዳወረድካት አልነገርከንም። በዓለም አቀፉ ደንብ የአጭር መብራቱ የታችኛው ጠርዝ ከመሬት ቢያንስ 500 ሚሊ ሜትር መሆን አለበት። ሜትር ይዘህ ለካ። ከዚያ መሪውን ግራና ቀኝ ጥግ ድረስ አዙረህ፣ ከኋላ ሰው አስቀምጠህ፣ ጎማው የሚነካው ነገር እንዳለ እይ። እኔ ሁለት ጣት ያህል መልሼ ከፍ አድርጌያታለሁ። አምሮባት ነበር፣ ምን ላድርግ።

መብራት ከቀየርክ መስታወቱ ላይ በክብ ውስጥ ኢ (E) እና ቁጥር ያለበትን የማረጋገጫ ምልክት ፈልግ። አጠገቡ ወደ አንድ ጎን ብቻ የሚያመለክት ቀስት ካለ መብራቱ በመንገዱ ግራ በኩል ለሚነዱ አገሮች የተሠራ ነው። ቀስት ከሌለው በመንገዱ ቀኝ በኩል ለሚነዱ። በሁለቱም በኩል ጫፍ ያለው ቀስት ከሆነ ለሁለቱም ይሆናል። የኔው የተገላቢጦሹ ነበርና ብርሃኑን ከፊት ለሚመጣው ሾፌር ዓይን ውስጥ ነበር የሚረጨው። ርካሽ ነው ብዬ የገዛሁት ነው፣ በራሴ ፈረድኩ።

ፍሬቻ፣ ክላክስ፣ የዝናብ መጥረጊያ፣ ይሄን ታውቀዋለህ።

ባትሪው ላይ ግን ክዳን አድርግ። ከባድ ሰው ከኋላ ሲቀመጥ የወንበሩ ሽቦ የባትሪውን ጫፍ ነክቶ እሳት ያስነሳል። ቮልስ ስትሠራ ክዳን ነበራት፤ ያንተዋ ላይ የለም፣ እወራረዳለሁ። እኔ ከዚያ ሁሉ የፎረንሲክ ወሬ በኋላ፣ ሁሉም ተስተካክሎ ማህተም ሊመታልኝ ሲል፣ በዚህች ክዳን ምክንያት አንድ ቀን ተመልሻለሁ። ላስቲክ ቆርጬ ራሴ ሠራሁና በማግስቱ ጠዋት የመጀመሪያው ሰው ሆኜ በር ላይ ቆምኩ።

አሁን ዛሬ ማታ የምታደርገው ይሄን ነው። የኋላ ወንበሩን አንሳ፤ መፍቻ አያስፈልገውም፣ ተስቦ ይነሳል። ቁጥሩን በጨርቅ ብቻ ጥረገው፣ ብሩሽም አሸዋ ወረቀትም አታስነካው። ከሩቅም ከቅርብም ፎቶ አንሳው። ፎቶውን ከስልክህ ሌላ ቦታም አስቀምጠው። ከዚያ ስስ ቅባት ቀባው፣ ቀለም አይደለም። ቁጥሩ ከጎደለ ምንም ሳትነካ እዚህ ጻፍልኝ፤ ደብዳቤው እንዴት እንደሚጻፍ አሁን በቃሌ ነው የማውቀው።

ቮልስ ካልሆነች ደግሞ ንገረኝ፤ ከላይ ካለው ግማሹን እሰርዝልሃለሁ።