«ጤነኛ ነው ብለሽ ፈርሚ» እያሉኝ ነው፣ ምን ላድርግ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። በአንድ ጤና ጣቢያ የምሠራ ጤና መኮንን ነኝ። ባለፈው ዓርብ ማታ ተረኛ ነበርኩ። ሁለት ፖሊሶች አንድ እስረኛ ይዘው መጡ። ካቴናውን አልፈቱለትም። ጀርባው ላይ ሰንበር አለ፤ ሲራመድ በእግሩ ጠርዝ ነው የሚረግጠው። «ወድቆ ነው» አሉኝ። እሱ ዝም አለ። ማስታገሻ ሰጠሁትና ካርዱ ላይ «የሰውነት ሕመም» ብቻ ጻፍኩ። አሁን ደግሞ «ጤነኛ ነው፣ ለፖሊስ ምርመራ ብቁ ነው» የሚል ወረቀት እንድፈርም ይመላለሳሉ። አለቃዬም «ምን አገባሽ፣ ፈርመሽ ተገላገይ» ይለኛል። ሁለት ልጆች አሉኝ። ምን ይመክሩኛል?
ተረኛዋ

መልስ፦ እህቴ፣ አትፈርሚ።

ታካሚሽ እሱ ነው። የተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ እ.ኤ.አ. በ1982 ያጸደቃቸው የሕክምና ሥነ ምግባር መርሆዎች፣ ጤናን ሊጎዳ ለሚችል አያያዝ «ብቁ ነው» ብሎ ማረጋገጥን ይከለክላሉ። የእኛም ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 18 ጭካኔ የተሞላበትንና ኢሰብዓዊ አያያዝን ከልክሏል። የወንጀል ሕጉ አንቀጽ 424 ቃል ለማውጣት እስረኛ የሚደበድብን ሠራተኛ እንደ ነገሩ ክብደት እስከ 10 ዓመት፣ ያዘዘውን ኃላፊ ደግሞ እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ያስቀጣል። በዚህ ውስጥ ስምሽ እንዲገባ አልፈልግም።

እ.ኤ.አ. በ1977 የአፓርታይድ ተቃዋሚው ታጋይ ስቲቭ ቢኮ ደቡብ አፍሪካ፣ ፖርት ኤልዛቤት ውስጥ በፖሊስ እጅ ጭንቅላቱን ተጎዳ። ዶክተር አይቨር ላንግ ተጠርቶ አየው። የፖሊስ አዛዡ ወረቀት ሲጠይቀው «ምንም ችግር አላገኘሁበትም» ብሎ ጻፈለት። ከቀናት በኋላ ቢኮን ራቁቱን መኪና ላይ ጭነው ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ወደ ፕሪቶሪያ ወሰዱት። እዚያ ሞተ። ከስምንት ዓመት በኋላ በዚያው ከተማ፣ በላንግ ሥር የምትሠራ ዌንዲ ኦር የምትባል ወጣት ሐኪም እስረኞች ላይ ያየችውን ጉዳት መዝግባ ፍርድ ቤት ሄደች። ፍርድ ቤቱም ፖሊስ እስረኞቹን እንዳይመታ አገደ። ይዛ የቀረበችው አንቺም በየቀኑ የምትጽፊውን ዓይነት መዝገብ ነው።

ስለዚህ ወረቀቱን ሲጠይቁሽ «ሳላየው አልጽፍም፣ አምጡት» በያቸው። ይህን ማለት ሙሉ መብትሽ ነው፤ ሰውዬውንም እንደገና እጅሽ ላይ ያመጣልሻል።

ሲመጣ ካቴናው ይፈታ። ፖሊሶቹ ከበር ውጭ፣ ድምፅ በማይሰሙበት ይቁሙ። ሙሉ ልብሱን አውልቆ እይው። እያንዳንዱን ሰንበር ቦታውን፣ ርዝመቱን በሴንቲ ሜትር፣ ቅርጹን፣ ቀለሙን ጻፊ። ጎን ለጎን የሚሄዱ ሁለት መስመሮች፣ መሃላቸው የገረጣ ከሆነ የዱላ ምልክት ነው፤ ሥዕሉን ካርዱ ላይ ሣይው። ከቀለሙ ተነስተሽ ግን «የሦስት ቀን ቁስል ነው» አትበይ፤ ቀለም አያስተማምንም። ውስጥ እግሩን ተጭነሽ እይ። ወፌ ላላ የተገረፈ ሰው ከላይ ብዙም ምልክት ላይታይበት ይችላል። እሱ የነገረሽን በራሱ ቃል፣ በትእምርተ ጥቅስ አስገቢ። አንቺ ያየሽውን ለብቻው ጻፊ። ዓርብ የጻፍሽውን አትሰርዢ፤ ከሥሩ የዛሬን ቀንና ሰዓት አድርገሽ ጨምሪበት።

ሽንቱን ደግሞ አደራ! ክፉኛ የተደበደበ ጡንቻ ሲፈራርስ ኩላሊት ይዘጋል። ሽንቱ እንደ ሻይ ከጠቆረ ግሉኮስ ሰቅሎ መመለስ አይበቃም። ጨው ያለው ፈሳሽ ጀምሪለትና የዚያኑ ዕለት ሆስፒታል ሪፈር አድርጊው። ማስታገሻ ሰጥቻለሁ ብለሻል። ዳይክሎፌናክ ወይም አይቡፕሮፌን ከሆነ አቁሚለት፤ ኩላሊቱን ይጎዳዋል።

ስለ ልጆችሽ ያለሽ ፍርሃት ይገባኛል። ብቻሽን አትቁሚ። ሌላ ባለሙያ አብሮሽ ይመርምር፣ ሁለታችሁም ፈርሙ። ለአለቃሽም በቃል ሳይሆን በደብዳቤ አሳውቂ፤ «ፈርሚ» የሚል ካለ እሱም በጽሑፍ ይዘዝሽ።

ለኢትዮጵያ ሰብዓዊ መብቶች ኮሚሽን ከማመልከትሽ በፊት ግን እስረኛውን ጠይቂው። ማታ እዚያው ክፍል ተመልሶ የሚያድረው እሱ ነው። እምቢ ካለ አክብሪለት። የክትትል ቀጠሮ ግን በቅርብ ቀን ቁረጪለት፤ ቀኑንም ለፖሊሶቹ በጽሑፍ ስጫቸው።