መልስ፦ እናትዎን ወደ ቱሉ ዲምቱ ስለ ማምጣት

አባትዎ ካረፉ በኋላ ብቻቸውን የቀሩትን እናትዎን ከጉለሌ ቱሉ ዲምቱ፣ አራተኛ ፎቅ ላይ ወዳለው ቤትዎ ላምጣቸው ወይ ብለው ለጠየቁት መልሴ፣ ይምጡ፣ ነገር ግን የጉለሌው ቤት ቶሎ አይሸጥ የሚል ነው።

እኔን ከሁሉ በላይ የሚያሳስበኝ ደረጃው ነው። ጉልበታቸውን ለሚያማቸው እናት አራት ፎቅ ያለ አሳንሰር መውጣትና መውረድ ከቤት መቅረት ማለት ነው፤ ጠዋት ነጠላቸውን አጣፍተው ቤተ ክርስቲያን ስመው፣ ከሰዓት ከጎረቤት ቡና ሲጠጡ የኖሩ ሰው፣ እናንተ ከሥራ እስክትመለሱ በር ተዘግቶባቸው ቢውሉ ሐዘናቸው ይብሳል እንጂ አይቀልም። ከተቻለ የእርስዎን ቤት አከራይተው እዚያው ግቢ ግራውንድ ላይ ያለ ቤት ይከራዩ።

ከዕድራቸው በፍጹም አያስወጧቸው፤ ለአባትዎ ድንኳን የተከሉት እነዚያ ሰዎች ናቸውና ወርኃዊ መዋጮው ሳይቋረጥ ይከፈል።

ከአባትዎ ጡረታ ለሚስት የሚተላለፈው 50 በመቶም በእናትዎ እጅ ይቆይ። ለልጅ ልጃቸው ብስኩት የሚገዙበት የራሳቸው ገንዘብ ካላቸው በሰው ቤት ነኝ ብለው አይሳቀቁም።

ወንድምና እህቶችዎን በተመለከተ፣ በ1992 ዓ.ም. የወጣው የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ ችግር ላይ ለወደቀ ወላጅ ቀለብ የመስጠትን ግዴታ የጣለው በአንድ ልጅ ላይ ብቻ አይደለምና፣ የድርሻቸውን እንዲያዋጡ ከአሁኑ ይነጋገሩ። ቅር ያላቸውን ባለቤትዎንም አስቀድመው ያማክሩ፤ ከዚያም እናትዎን ለአንድ ወር በእንግድነት አምጥተው ውሳኔውን ራሳቸውን ይጠይቋቸው።