ስድስት ኪሎ ለሁለት ቀን ለምትመጪው እህታችን

ጥያቄዋ ይሄ ነበር፦ ከባሕር ዳር ለማስተርስ መመረቂያ ጽሑፏ ለሁለት ቀን ትመጣለች። አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ፣ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ቤተ መጻሕፍት ውስጥ መሥራት፣ ጊዜ ከተረፋትም የተቋሙን ሙዚየም ማየት ትፈልጋለች። «በር ላይ ያስገቡኛል ወይ? ምን ልያዝ?» ብላለች። ብዙዎቻችሁ «መታወቂያ ይበቃል» ብላችኋል። ለሙዚየሙ ልክ ናችሁ፤ ማንም ትኬት ቆርጦ ያየዋል። ቤተ መጻሕፍቱ ግን ሌላ ነገር ነው።

ከሌላ ዩኒቨርሲቲ ለሚመጣ ሰው መንገድ የሚከፍተው የትብብር ደብዳቤ ነው። ከትምህርት ክፍልሽ አጽፊ። «ለሚመለከተው ሁሉ» ወይም «ለአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ» ብቻ ከሚል በቀጥታ «ለኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም» ቢባል ይሻላል፤ አለዚያ ከቢሮ ቢሮ ያንከራትትሻል። የወጪ ቁጥርና ቀን ይኑረው፣ ማኅተሙ ፊርማው ላይ ይረፍ፣ የጥናትሽ ርእስ ይጻፍበት። ስምሽ ከመታወቂያሽ ጋር በፊደል ይግጠም። ስልክ ላይ ያለ ፎቶ ማኅተም ስለማይታመን ዋናውን ወረቀት ያዢ፤ ሁለት ኮፒም አንሺ፣ አንዱ እነሱ ጋ ሊቀር ይችላል።

ታክሲ ላይ ኪሎዎቹን አታምታቻቸው። የዩኒቨርሲቲው የሳይንስ ግቢ አራት ኪሎ ነው፣ የቴክኖሎጂው አምስት ኪሎ ነው፣ አንቺ የምትፈልጊው ስድስት ኪሎ ያለውን ዋናውን ግቢ ነው። «ሙዚየሙ» ስትዪም ሰው ድንቅነሽ ያለችበት ብሔራዊ ሙዚየም መስሎት አምስት ኪሎ ሊያወርድሽ ይችላል። በሽሮ ሜዳ ታክሲ ከመጣሽ የየካቲት 12 ሐውልት ያለበት አደባባይ ላይ «ወራጅ» በዪ።

በሩ ላይ ፍተሻ አለ። ላፕቶፕ ከያዝሽ ሞዴሉና ሲሪያል ቁጥሩ ይመዘገባል፣ ስትወጪም ይመሳከራል። ሲሪያሉ ከሥር፣ በጣም ደቃቅ ሆኖ ነው የሚጻፍ፤ በአሮጌ ላፕቶፕ ላይ ደግሞ ተፍቆ ዜሮን ከኦ፣ ስምንትን ከቢ መለየት ያቅታል። ቤት ሳለሽ ፎቶ አንሥተሽ በወረቀት ገልብጪው። ወረፋ መሀል ላፕቶፕ ገልብጦ ፊደል መቁጠር አንቺንም ከኋላሽ ያሉትንም ያማርራል። በገባሽበት በር ተመልሰሽ ውጪ፤ መዝገቡ ያለው እዚያ ነው።

ሰዓት። የመንግሥት መሥሪያ ቤት ሰዓት 2፡30 ጀምሮ 6፡30 ለምሳ ይቆማል፣ ከ7፡30 እስከ 11፡30 ይቀጥላል። ዓርብ ግን 5፡30 ወጥተው 7፡30 ነው የሚመለሱት። ስለዚህ ከሁለቱ ቀን አንዱ ዓርብ እንዳይሆን አድርጊ፤ ካልሆነልሽም ለቤተ መጻሕፍት ሐሙስን፣ ለሙዚየም ዓርብን። የመጀመሪያው ጠዋት በምዝገባና በደብዳቤ እንደሚያልቅ ከወዲሁ ቁጠሪው።

አሁን ወደ ዋናው። እዚያ ቤት ጊዜ የሚበላው ንባቡ ሳይሆን ፍለጋው ነው። መደርደሪያው ውስጥ ገብተሽ አትመርጪም፤ ከካታሎግ ቁጥሩን አውጥተሽ ቅጽ ትሞያለሽ፣ ሠራተኛው ያመጣልሻል። ቁጥሩን ከነነጥቡና ከነፊደሉ ሙሉውን ገልብጪ። ግማሹን ጽፎ የሰጠ ሰው «የለም» ተብሎ ይመለስና መጽሐፉ የጠፋ ይመስለዋል።

ኢትዮጵያዊ ደራሲ በራሱ ስም እንጂ በአባቱ ስም አይደረደርም። የውጭው በቤተሰብ ስሙ ነው። እንግሊዝኛ ጽሑፍ ላይ የለመድሽውን የማጣቀሻ አጻጻፍ ይዘሽ ከሄድሽ የኢትዮጵያዊውን ደራሲ ሥራ አባቱ ስም ሥር ስትፈልጊ ትውያለሽ። በላቲን ፊደል ሲጻፍ ደግሞ ጸጋዬን የመሰለ ስም ሦስት አራት መልክ ስላለው ሁሉንም ሞክሪ። በኮምፒውተር በአማርኛ ስትፈልጊ «ፀሐይ» ብለሽ ካጣሽ «ጸሀይ» በዪ፣ «ሥዕል» ካልመጣ «ስእል»። ለእኛ አንድ ድምፅ ናቸው፣ ለማሽኑ ግን የተለያዩ ፊደላት ናቸው።

የድሮ ጋዜጣ ከሆነ የምትፈልጊው ቀኑን በእኛ አቆጣጠር አዘጋጂ። ከመስከረም እስከ ፈረንጅ ዲሴምበር ማለቂያ ያለው 7፣ ከዚያ በኋላ ያለው 8 ይቀነሳል። የታኅሣሡ ግርግር፣ ማለት የመፈንቅለ መንግሥት ሙከራው፣ በፈረንጅ ዲሴምበር 1960 ነው፣ በእኛ ታኅሣሥ 1953፤ ፌብሩዋሪ 1937 ደግሞ የካቲት 1929 ይሆናል። አንድ ዓመት ከሳትሽ የማይሆን ጥራዝ ይመጣልሽና ግማሽ ቀን ይሄዳል። የቅርብ ዓመታት መመረቂያ ጽሑፎችን ብዙዎቹን ዩኒቨርሲቲው ኢንተርኔት ላይ ስለጫነ እነሱን ባሕር ዳር ሆነሽ ጨርሺ፤ ስድስት ኪሎ የሚመጣው ሌላ ቦታ ለማይገኘው ነው።

ሁለት ሦስት መጠየቂያ ባንዴ አስገቢ፤ አንዱን ስታነቢ ሌላው ይፈለጋል። 6፡00 ላይ የሰጠሽው ከምሳ በፊት ይመጣል ብለሽ አትጠብቂ። እርሳስና ደብተር ያዢ፤ የብራና ጽሑፍ አጠገብ እስክሪብቶ አይወጣም። በስልክ ፎቶ ከማንሣትሽ በፊት ለእያንዳንዱ ዕቃ ጠይቂ። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ባትሪሽ ሙሉ ይሁን።

ሙዚየሙ ያለበት ሕንፃ የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም የካቲት 12 ቀን 1929 በጣሊያኑ ገዥ በግራዚያኒ ላይ ቦምብ የወረወሩት እዚሁ ግቢ ውስጥ ነው። በታኅሣሥ 1953ቱ ግርግር የተያዙት ባለሥልጣናት የተረሸኑትም እዚሁ ነው፣ አረንጓዴው ሳሎን በሚባለው ክፍል። ከዚያ በኋላ ነው ንጉሡ ግቢውን ለዩኒቨርሲቲ የሰጡት። ይህን ሳያውቁ የሚገቡ ሰዎች የንጉሡን መኝታና መታጠቢያ ቤት አይተው፣ ፎቶ ተነሥተው ይወጣሉ።

የዕቃዎቹን አደራደር ልብ በዪ፦ በክልል ወይም በብሔር ሳይሆን በሰው ዕድሜ ነው፤ ልጅነት፣ ጉልምስና፣ ሞትና ከሞት በኋላ። «የጎጃም ጥግ የት ነው?» እያልሽ ከዞርሽ ግራ ይገባሻል። መስቀሎቹ፣ የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹና የሙዚቃ መሣሪያዎቹ ከላይ ናቸው። ሥዕሎቹን በጥድፊያ ካየሻቸው ሁሉም አንድ ይመስሉሻል፣ ስለዚህ ቢያንስ የሁለት ሰዓት ጊዜ ይዘሽ ግቢ። ፍላሽ አታብሪ፣ ቀለሙን ይጎዳል።

ስትወጪ ደጁ ላይ የትም የማያደርስ፣ አየር ላይ የሚያልቅ ጠመዝማዛ ደረጃ ታያለሽ። ጣሊያኖች ናቸው የሠሩት፤ እርከኖቹ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ሥልጣን ከያዘ ጀምሮ ለእያንዳንዱ ዓመት አንድ ናቸው። ጫፉ ላይ የተቀመጠው ትንሽ አንበሳ ጣሊያን ከተባረረ በኋላ የወጣ የእኛ ነው። ፎቶ ስታነሺ ትንሽ ራቅ በዪ፤ ከሥሩ ከቆምሽ አንበሳው አይታይም።