ያቺን ዜሮ ከመጻፋችሁ በፊት

ውድ ልጆቼ፣

ይህን የምጽፈው ዘንድሮ ተመርቃችሁ ወደየወረዳው ለምትወጡ የጤና ባለሙያዎች ነው። እኔ በበሽታ ቅኝት ሥራ፣ ማለትም የት ምን በሽታ እንደታየ በመከታተል፣ ሠላሳ ዓመት ገደማ ቆይቻለሁ። ስለሚቀጥለው ወረርሽኝ ሲወራ ሰው ሁሉ የሚያነሳው ክትባትና ትልልቅ ላቦራቶሪ ነው። እነሱም ያስፈልጋሉ። እኔ ግን ስለ አንዲት ዜሮ ላጫውታችሁ።

ሳምንታዊውን የቅኝት ቅጽ ታውቁታላችሁ። በሽተኛ ካልታየ ቦታው ባዶ አይተውም፣ ዜሮ ይጻፍበታል። ዜሮ ማለት «ፈልጌ አጣሁ» ማለት ነው።

አንድ ጊዜ ለክትትል አንድ ጤና ጣቢያ ሄድኩ። የስድስት ሳምንት ሪፖርት ሳይጓደል ተልኳል፤ ኩፍኝ ላይ ሁሉም ዜሮ። ቅጂዎቹን ጠረጴዛ ላይ ጎን ለጎን ዘረጋኋቸው። አንድ እስክሪብቶ፣ አንድ እጅ፣ የስድስቱም ቀለም እኩል። የተመላላሽ ታካሚዎችን መዝገብ አስመጣሁና መግለጥ ጀመርኩ። «ትኩሳትና ሽፍታ» ይላል። ገጹን ስገልጥ እንደገና። ቀጥሎ ደግሞ ሦስት ልጆች፣ ከአንድ ቀበሌ፣ በአንድ ቀን። ቀበሌው ስንደርስ አንዲት እናት ሕፃን አቅፋ ደጃፏ ላይ ተቀምጣለች። ታላቅየውን ባለፈው ሳምንት ቀብራዋለች።

ቅጹን የሞላው ልጅ ክፉ ሰው አልነበረም። ሥራ በዝቶበታል። ደግሞ ለዓመት ያህል የላከውን አይቶ «ይሄ ነገር እንዴት ነው?» ያለው አለቃ አልነበረም። ጥፋቱ ከእሱ ይልቅ የኛ ነው። እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ኩፍኝ እንኳ ስሙ ቅጹ ላይ አለ። ለአገራችን አዲስ የሆነ ቫይረስ ሲመጣ ግን ስሙ ቅጹ ላይ ላይኖር ይችላል። ኅዳር 2018 ጂንካ ላይ የተረጋገጠውን ማርበርግ የተባለ ገዳይ በሽታ አስቡት። ሲጀምር ትኩሳት፣ ራስ ምታት፣ ቁርጥማት ነው። ወባ ነው ተብሎ መድኃኒት ተሰጥቶት ሊሄድ ይችላል። እዚያ ላይ የሚያድነን «ቆይ እስቲ፣ ይሄኛው ወባ አይመስልም» የሚል አንድ ሰው ነው።

ፈንጣጣን ከአገራችን ያወጡት ሰዎች በ1963 ሲጀምሩ ብዙ መሣሪያ አልነበራቸውም። የታመመ ሕፃን ፎቶ ይዘው ገበያ ለገበያ፣ ትምህርት ቤት ለትምህርት ቤት እየዞሩ «እንዲህ የሆነ ሰው አይታችኋል?» ይሉ ነበር። በእግር፣ በበቅሎ። የመጨረሻው በሽተኛ በ1968 ከተገኘ በኋላም ፍለጋው አልቆመም። ዜሮውን ሰው እንዲያምነው ገና ብዙ መዞር ነበረባቸው።

በ1911 የኅዳር በሽታ አዲስ አበባን ሲያረግፍ ስንት ሰው እንደሞተ በወጉ የቆጠረ የለም። ኅዳር ሲታጠን ቆሻሻ የምናቃጥለው የዚያ ትዝታ ነው። ጭሱ ደረሰን፤ መዝገቡ ግን የለም። ኮሮና ሲመጣ ደግሞ፣ ጥር 2012፣ የተጠርጣሪዎችን ናሙና ደቡብ አፍሪካ ድረስ ልከን ውጤት ስንጠብቅ ነበር። ዛሬ እዚሁ እንመረምራለን፤ ትልቅ ነገር ነው። ግን ማሽኑ የሚመረምረው እናንተ የላካችሁለትን ብቻ ነው።

አንድ ቀን ደግሞ የምትጠረጥሩትን ስትናገሩ «ሕዝብ አታስደንግጡ» የሚላችሁ አይጠፋም። ተናገሩ። ናሙናው ነጻ ሆኖ ከተመለሰ ማንም አልተጎዳም፤ እኔ ብዙ ጊዜ ተሳስቻለሁ፣ አንዱም አይጸጽተኝም። የሚጸጽተኝ ዝም ያልኩበት ነው።

እና ሰኞ ጠዋት ቅጹን ከማንሳታችሁ በፊት መዝገቡን ከመጀመሪያው ገጽ ግለጡት። ካርድ ክፍል ያለችውን ልጅ በዚህ ሳምንት ምን እንደበዛ ጠይቋት። ለቀበሌዋ ጤና ኤክስቴንሽን ደውሉና «እንዴት ሰነበትሽ? ሰፈሩ ሰላም ነው? የታመመ፣ የሞተ ሰው ሰማሽ?» በሏት። ኔትወርክ እምቢ ካለ መልሳችሁ ሞክሩ። ከዚያ ዜሮዋን ጻፉ።