ከአሜሪካ ከተመለስን በኋላ የባለቤቴ አንድ እግር አበጠ፣ የጉዞ ድካም ነው?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። እኔ 64 ባለቤቴ ደግሞ 70 ዓመታችን ነው፣ ሁለታችንም ጡረታ ወጥተናል። ቨርጂኒያ ያለችው ልጃችን ጋ ክረምቱን ከርመን ከመጣን አስር ቀን ሆነን። ከመጣን ጀምሮ ኑሯችን ተዘበራርቋል፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሁለታችንም አይናችን ፈጦ ቁጭ ነው፣ ቀን ደግሞ እሱ ሶፋው ላይ ቲቪ እያየ ያንቀላፋል። በፊት ጠዋት ቤተክርስቲያን ስሞ ሰፈሩን ዞሮ ነበር የሚመለሰው አሁን ከግቢ አይወጣም። እኔን ያሳሰበኝ ግን ግራ እግሩ ነው፣ ከጉልበቱ በታች አብጧል፣ ካልሲው ምልክት ይሰራበታል፣ ሲረግጥ ባቱን ያመዋል። እሱ የፕሌኑ ድካም ነው ተይው ይለኛል። ማታ ማታ በሞቀ የጨው ውሃ እየዘፈዘፍኩለት ነው፣ ጎረቤታችን ደግሞ ጎበዝ ወጌሻ አውቃለሁ ላምጣላችሁ ብላኛለች። ለደም ግፊት አምሎዲፒን ይወስዳል። ምን ላድርግ?

መልስ፦ እናቴ እንኳን በሰላም ለቤታችሁ አበቃችሁ። የእንቅልፉን በኋላ እመለስበታለሁ፣ እግራቸው ግን ለነገ የሚባል አይደለም። ወጌሻው አይምጣ፣ እግራቸውን ማንም አይሸው፣ ዛሬውኑ ሆስፒታል ይውሰዷቸው።

ለምን እንዲህ አጥብቄ እንደምል ልንገርዎት። ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ቀጥታ በረራው 13 ሰዓት አካባቢ ነው፣ ያን ሁሉ ሰዓት ጉልበት ታጥፎ ሲቀመጡ የባት ጡንቻ አይሰራም፣ ደሙን ወደ ላይ ወደ ልብ የሚገፋው ደግሞ በዋናነት እሱ ስለሆነ ደም እዛው ይተኛና ውስጥ ባለው ትልቁ ደም ስር ሊረጋ ይችላል። ከ4 ሰዓት በላይ የሆነ ጉዞ ሁሉ ይሄን ያመጣል ማለት አይደለም ብዙ ሰው ምንም ሳይሆን ነው የሚደርሰው፣ ግን እድሜ ከ60 ሲያልፍ፣ ውፍረት ካለ፣ በቅርቡ ኦፕራሲዮን ከተደረገ፣ ካንሰር ካለ ወይ ከዚህ በፊት ደም ረግቶ ከነበረ እድሉ ይጨምራል። ደግሞ ቦሌ ስንወርድ አደጋው አለቀ ማለት አይደለም፣ በተለይ የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ያሰጋሉ፣ እስከ ሁለት ወር ድረስም ሊታይ ይችላል። ስለዚህ አስር ቀን አልፎናል ብላችሁ እንዳትረጋጉ።

የረጋው ደም እግር ላይ ብቻ ቢቀር ባልከፋ። ተቆርሶ በልብ በኩል አልፎ ሳንባ ላይ ሲሰነቀር ነው ሰው የሚገድለው። ማሸት ደግሞ እንዲቆረስ ሊያደርገው ይችላል፣ በወጌሻ ስራ ንቀት ኖሮኝ አይደለም የምለው፣ ይሄ ግን የወለምታ ነገር አይደለም። የሞቀ ውሃና ጨውም የረጋ ደም አያሟሟም፣ ዝም ብሎ ቀን ነው የሚያስበላችሁ።

የሚከተሉት ከታዩ ደግሞ ቀጠሮም ወረፋም አይጠበቅም፦ ድንገት ትንፋሽ ማጠር፣ ሲተነፍሱ ደረት መውጋት፣ ደም የቀላቀለ ሳል፣ ራስ መሳት። ሌሊትም ቢሆን 907 ቀይ መስቀል አምቡላንስ ደውሉ ወይም ባገኛችሁት መኪና ድንገተኛ ክፍል ግቡ።

መኪናው እስኪመጣ እቤት አንድ ነገር ማየት ይችላሉ። የልብስ ሰፊ ሜትር ካለዎት ከጉልበት በታች ከፊት ለፊት የሚዳሰሰውን አጥንት ያግኙ፣ ከሱ 10 ሴንቲ ሜትር ወደ ታች ወርደው የሁለቱንም ባት ዙሪያ ይለኩ። ያበጠው ከሌላው ከ3 ሴንቲ ሜትር በላይ ከበለጠ ለሀኪሙ ይንገሩ እሱ ትልቅ ምልክት ነው፣ ካልበለጠም ግን ከመሄድ አያስቀርም። አምሎዲፒን እግር ያሳብጣል እውነት ነው፣ ግን እሱ ብዙ ጊዜ ሁለቱንም ቁርጭምጭሚት ነው የሚያሳብጠው፣ የልብና የኩላሊት እብጠትም እንደዛው። የእሳቸው አንድ እግር መሆኑና ባታቸውን ማመሙ ነው እኔን ያሳሰበኝ። ኪኒኑን በራሳችሁ እንዳታቆሙ። በነገራችን ላይ ልጃችሁ ከዛ ኖርቫስክ የሚል ኪኒን ሰጥታችሁ ከሆነ ያው አምሎዲፒን ነው፣ ሁለቱንም ደርበው የሚውጡ ሰዎች ስላሉ እባክዎ ያሉትን እሽጎች በሙሉ በፌስታል አድርገው ይዘው ይሂዱ።

የሚያስፈልገው ምርመራ ዶፕለር አልትራሳውንድ ነው፣ መርፌ የለው ህመም የለው፣ ጄል ቀብተው ደም ስሩን ነው የሚያዩት። ሁሉም ጋ ስለሌለ ከመሄዳችሁ በፊት ደውላችሁ ጠይቁ። ስትደርሱ ከአሜሪካ ከመጣን አስር ቀናችን ነው የሚለውን መጀመሪያ ይናገሩ፣ እግሬን አመመኝ ብቻ ከተባለ የህመም ማስታገሻ ተሰጥቶት የሚመለስ ሰው አለ።

ረግቶ ከተገኘ መድሃኒት አለው። የደም ማቅጠኛ በመርፌ ወይ በኪኒን ይጀመራል፣ ቢያንስ 3 ወር ይወሰዳል፣ እብጠቱ ጎደለ ተብሎ በመሃል አይቆምም። ዋርፋሪን ከሆነ የታዘዘላቸው አይኤንአር የሚባል የደም ምርመራ በየጊዜው ያስፈልጋል፣ ጎመን የዋርፋሪንን ስራ ስለሚቀንስ ደግሞ፣ አትብሉ ሳይሆን አንድ ሳምንት በየቀኑ በልቶ አንድ ሳምንት መተው ነው ችግሩ፣ መጠኑ ተቀራራቢ ይሁን። ዳይክሎፌናክና አይቡፕሮፌን የሚባሉት ማስታገሻዎች ከደም ማቅጠኛ ጋር ደም ስለሚያስፈሱ ያለ ሀኪም አይሆንም። ካልረጋ ደግሞ ጡንቻ ሊሆን ይችላል፣ ኢንፌክሽን ሊሆን ይችላል፣ እዛው ይለያል።

እንቅልፉ። በክረምት የሰዓት ልዩነቱ 7 ነው፣ ወደ ምስራቅ ስንመጣ ሰውነት በቀን አንድ ሰዓት ገደማ ነው የሚያስተካክለው፣ እድሜ ሲገፋ ደግሞ ይዘገያል። እስካሁን ሊስተካከልላችሁ ይገባ ነበር፣ የሚያቆየው የሶፋው እንቅልፍ ይመስለኛል። ጠዋት በረንዳ ላይም ቢሆን ፀሐይ ያግኛችሁ፣ ቀን መተኛት ካማራችሁ ግማሽ ሰዓት ይብቃ እሱም ከዘጠኝ ሰዓት በፊት፣ ቡናው ከሰዓት በኋላ ይቅር። ከጎረቤት የእንቅልፍ ኪኒን እንዳትቀበሉ፣ በእናንተ እድሜ ሌሊት ሽንት ቤት ሲኬድ መውደቅ ያመጣል።

ደግሞ እናቴ፣ ክረምቱን ሙሉ ከልጅ ጋር ሰንብቶ ፀጥ ወዳለ ቤት መመለስ ይከብዳል። ከግቢ አለመውጣታቸው የሰዓት ለውጥ ብቻ ላይሆን ይችላል። እግራቸው ታይቶ ተንቀሳቀሱ ከተባሉ በኋላ ጠዋት ቤተክርስቲያን አብረዋቸው ይሂዱ፣ ምግብ እንቢ ካሉ ወይም ከሰው መሸሽ ከቀጠሉ እሱንም ለሀኪሙ ይንገሩ።

ወደፊት ስትሄዱ መተላለፊያው ዳር ያለውን ወንበር ጠይቁ፣ በየሰዓቱ ተነሱ፣ ቁጭ ብላችሁም ቁርጭምጭሚታችሁን አዟዙሩ፣ ውሃ ጠጡ። ለእሳቸው መጭመቂያ ካልሲ ወይም የደም ማቅጠኛ መርፌ ያስፈልግ እንደሆነ ከዛሬው ውጤት በኋላ ሀኪማቸው ይወስናል።