መኪና ለትራክ ስለማዘጋጀት ጠይቁኝ፣ ከድሬ ነኝ

ሰላም ቤተሰብ፣ ሳቢያን አካባቢ ትንሽ ጋራዥ አለችኝ። የሰው መኪና ስጠግን ከ10 አመት በላይ ሆነኝ፣ ለራሴ ደግሞ አንድ አሮጌ ዲኤክስ አዘጋጅቼ በተዘጋ ትራክ አማተር ውድድር እነዳለሁ። ዛሬ ጁምአ ነው፣ ከሰአት ጋራዡ ዝግ ነው፣ በርጫ ላይ ቁጭ ብያለሁ፣ ስለዚህ የፈለጋችሁትን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ቪትዝ አለችኝ፣ 1 ሺህ ሲሲ። ፊልትሮና ማርሚታ ቀይሬ ልጀምር አስቤ ነበር፣ ምን ትላለህ?

መልስ፦ ፍሬን እላለሁ። ማርሚታ ብትቀይር ጎረቤት ይሰማሃል እንጂ ጉልበት አይጨምርልህም ማለት ይቻላል። ፍጥነትህ ከ60 ወደ 120 ሲወጣ ፍሬኑ ሊያጠፋው የሚገባው ጉልበት አራት እጥፍ ነው የሚሆነው፣ ያ ሁሉ ሙቀት ሆኖ ሸራውና ዲስኩ ላይ ይቀራል፣ ትራክ ላይ ደግሞ ሳይቀዘቅዝ ሌላ ኩርባ ይመጣል። እኔ መጀመሪያ የወጣሁ ቀን አራተኛው ዙር ላይ ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ለሰለሰብኝ፣ ከዛ እስከ ምንጣፉ ወረደ፣ ቶሎ ቶሎ እየደጋገምኩ እየረገጥኩ ማርሽ እየቀነስኩ ሜዳው ላይ ወጥቼ በጭንቅ አቆምኳት። ኮፈን ከፍቼ የፍሬን ዘይቱን ሳየው የቡና አተላ መስሏል ወላሂ። የሰው መኪና ላይ በየጊዜው እየቀየርኩ የራሴን ረስቼዋለሁ በቃ። የፍሬን ዘይት ከአየር እርጥበት ይጠጣል፣ ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሲሆን እስከ 230 ዲግሪ ይችላል፣ ውሃ ከጠጣ ግን 155 ላይም ሊፈላ ይችላል፣ ሲፈላ አረፋ ይሰራል፣ አረፋ ደግሞ ስትረግጠው ይጨመቃል እንጂ አይገፋም። ስለዚህ ሙሉ በሙሉ ቀይርና አየሩን አስወጣ፣ ሙቀት የሚችል ሸራ ካገኘህ እሱን ግባበት። ዶት 5 የሚባለውን እንዳትቀላቅል፣ እሱ ሲሊኮን ነው።

ጥያቄ፦ ጋሼ፣ እኛ አዲስ አበባ ነው ያለነው፣ መኪና ድሬ ሲወርድ ጉልበት ያገኛል ይባላል፣ እርስዎ ምን ታዝበዋል?

መልስ፦ መጀመሪያ አንተ በለኝ፣ ድሬ ላይ አንቱ የለም ሃሃ። አዎ ያገኛል። አዲስ ከ2300 ሜትር በላይ ነው፣ እኛ 1200 ገደማ ነን፣ አየሩ ወፈር ይላል፣ ሙቀቱ ግን ከሰጠው ላይ ትንሽ መልሶ ይወስዳል። መጠንቀቅ ያለብህ ካርቡራተር ከሆነ ነው፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለው ማለቴ ነው። አዲስ ላይ የተስተካከለ ካርቡራተር እዚህ ሲወርድ ለገባው አየር የሚሰጠው ቤንዚን ያንሳል፣ ሞተሩ ይግላል፣ ሽቅብ ላይ ሲጫን ያንኳኳል። ካንዴላ ፈትተህ እየው፣ ጫፉ ነጭ ከሆነ ቤንዚን አንሶታል። ኢንጄክሽን ከሆነ ራሱ ያስተካክላል፣ አትጨነቅ።

ጥያቄ፦ መካኒኬ ቴርሞስታቱን ነቅሎ ጣለው፣ ለሙቀት ጥሩ ነው ብሎ።

መልስ፦ እሱ ነገር እዚህ አገር ባህል ሆኗል። ቴርሞስታት ውሃው ሲግል ወደ ራዲያተር የሚከፍት በር ነው። ብዙ ሞተሮች ላይ ሲከፈት ወደ ሞተር የሚመልሰውን አጭር መንገድ ይዘጋል፣ ነቅለህ ከጣልከው ያ መንገድ ክፍት ይቀራል፣ የጋለው ውሃ ግማሹ ራዲያተር ሳያይ ይዞራል። መልስልኝ በለው። የራዲያተር ክዳኑንም ቀይር፣ ውሃ እዚህ ከፍታ ላይ 96 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል፣ ከ110 የሚያሳልፈው ክዳኑ የሚይዘው ግፊት ነው፣ ላስቲኩ ከደረቀ ግን ምንም አይዝም።

ጥያቄ፦ ሞላ ማስቆረጥስ?

መልስ፦ ተው። ዝቅ ትላለች፣ ያምርባታል፣ ጉድጓድ ስታገኝ ግን ሾኩ ታች ይመታል፣ ኩርባ ላይ ጎማው ይዘላል።

ጥያቄ፦ ጎማ ስንት ልንፋ?

መልስ፦ ቀላል መኪና ከሆነች በቀዝቃዛው 28 ፒኤስአይ ጀምር። ከዛ ጠመኔ ግዛና የጎማው ትከሻ ላይ፣ ማለት ጥርሱ አልቆ ጎኑ የሚጀምርበት ጋር፣ ከላይ ወደ ታች አስምር። ሶስት ዙር ነድተህ ውረድ። ጠመኔው ጎኑ ድረስ ከጠፋ ጎማው እየተኛ ነው፣ ጨምር። ጥርሱ ጫፍ ላይ ሳይነካ ከቀረ በዝቷል፣ ቀንስ። ልኬት መሳሪያ ከሌለህ ከዚህ የተሻለ አላውቅም። ጎኑ ላይ ያለችውን አራት ቁጥርም አንብብ፣ 2319 ካለ በ2019 በ23ኛው ሳምንት የተሰራ ነው፣ በፈረንጅ ማለቴ ነው። ከ10 አመት ያለፈ ጎማ ጥርስ ቢኖረውም ትራክ አትውጣበት።

ጥያቄ፦ ደንገጎ፣ የድሬና የሀረር መንገድ ላይ ብሞክራትስ? ኩርባው አሪፍ ነው።

መልስ፦ አንተ ልጅ! ከአወዳይ ጫት ጭኖ የሚበረውን አይሱዙ ረሳኸው? ፍየሉስ? መንገድ መንገድ ነው፣ የተዘጋ ቦታ ፈልግ።

ጥያቄ፦ እኔ ከሀረር ነኝ፣ ሴት ነኝ መንዳት እወዳለሁ፣ የሞተር ሄልሜት ይበቃኛል? መኪናዬ ውስጥ ስትገለበጥ የሚከላከል ብረት ላስበይድ ወይ?

መልስ፦ እንኳን መጣሽ። የሞተር ሄልሜት ከምንም ይሻላል፣ የመኪናው የሚለየው እሳት እንዲችል ተደርጎ መሰራቱ ነው። ኤስኤ የሚል ምልክት ያለበት የመኪና ነው፣ ኤም ያለበት የሞተር። ብረቱን በውሃ ቱቦ የሚሰሩልሽ አሉ፣ እንዳትሞክሪው፣ ሲገለበጥ ይታጠፋል። በደንብ የተሰራም ቢሆን በዛች መኪና ከተማ ውስጥ ያለ ሄልሜት የምትነጂ ከሆነ በትንሽ ግጭት ጭንቅላትሽን የሚመታሽ እሱ ነው። ለጊዜው የኋላ ወንበርና ስኮርታ አውጪ፣ በነፃ ትቀላለች፣ እሳት ማጥፊያ ደግሞ በብሎን እሰሪ፣ መሬት ላይ የሚንከባለል እንዳይሆን።

ጥያቄ፦ ትራክ ነድተን ስንጨርስ ምን እንይ?

መልስ፦ የመጨረሻዋን ዙር ፍሬን ሳትነኩ ቀስ ብላችሁ ንዱ፣ ይቀዝቅዝ። ስታቆሙ የእጅ ፍሬን አትሳቡ፣ የጋለው ሸራ ይጣበቃል፣ ድንጋይ ደግፉ፣ ማርሽ ውስጥ ተዉት። ከዛ የጎማ ዳዶ በሙሉ እንደገና አጥብቁ፣ የቶዮታ ትናንሾቹ 103 ኒውተን ሜትር ነው፣ በእግር እየረገጡ ማጥበቅ የለም፣ ብሎኑ ይቆረጣል። ዲኤክሴ ላይ አንዱ ዳዶ ሁሌ ይላላል፣ ቀለም ቀብቼ ምልክት አድርጌበታለሁ፣ ምክንያቱን ግን እስካሁን እየፈለግኩ ነው።