መልስ፦ ቤት የሚሠራው የዱቤ መዝገብ ክላውድ ላይ ለምን እምቢ አለ?

ወንድሜ፣ ለእናትህ ሱቅ የሠራኸው የዱቤ መዝገብ ኮምፒውተርህ ላይ እየሠራ ክላውድ ራን (ፕሮግራምን በጉግል ሰርቨሮች ላይ የሚያስኬድ አገልግሎት) ላይ አልነሳ ያለው ኮድህ ተበላሽቶ አይደለም። ከላክኸው የኮድ መስመር እንደማየው ፕሮግራሙ የሚያዳምጠው 127.0.0.1 ላይ፣ በፖርት (በመግቢያ በር ቁጥር) 5000 ነው። ይህ አድራሻ ለማሽኑ ለራሱ ብቻ ነው፤ በሩን ከውስጥ ቆልፎ እንግዳ እንደ መጠበቅ ነው። 0.0.0.0 አድርገው፤ ከውጭ የሚመጣውንም ተቀበል ማለት ነው። የፖርቱንም ቁጥር ኮዱ ውስጥ አትጻፍ፤ ክላውድ ራን ሲያስነሳው የሚያቀብለውን ይቀበል፤ ካልቀየርኸው 8080 ነው።

ያልጠየቅኸው ግን የሚያስለቅስህ ሌላ ነገር አለ። ዱቤውን የምታስቀምጠው በኤስኪውላይት (ሁሉንም በአንድ ፋይል የሚይዝ ዳታቤዝ) ፋይል ነው። ኮንቴይነሩ (ፕሮግራምህ ከሚያስፈልገው ሁሉ ጋር ታሽጎ የሚሠራበት ሳጥን) ሲዘጋ ፋይሉም አብሮ ይጠፋል፤ የሰፈሩ ዕዳ በአንድ ሌሊት ተሰረዘ ማለት ነው (ጎረቤት ደስ ይለው ይሆናል)። ለብቻው የቆመ የፖስትግሬስ ዳታቤዝ ያስፈልግሃል።

ከመጫንህ በፊት ያንኑ ኮንቴይነር ቤትህ አስነሳና በዚያው ዋይፋይ ላይ ካለ ስልክ ክፈተው። እኔም የምኖረው ኮዬ ፈጬ ነው፤ ሙሉውን ኢሜጅ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበትን የታሸገ ፋይል) በሞባይል ዳታ ስጭን መብራት ጠፍቶ ከመሃል ተቋርጦብኛል። አሁን የምልከው ኮዱን ብቻ ነው፤ የኢሜጁን ግንባታ ክላውድ ቢልድ የተባለው የጉግል አገልግሎት እዚያው ይጨርሰዋል።

የሰርቨሩ ሰዓት ዩቲሲ (የዓለም መደበኛ ሰዓት) ስለሆነ ከእኛ በ3 ሰዓት ወደ ኋላ ነው፤ ከእኩለ ሌሊት በኋላ የተመዘገበ ዱቤ በትናንት ቀን ቢገባ እንዳትደነግጥ።